ቴር ዴርሜስ በሳምፕል፦ ብርቱካኑ እስኪያልፍ ታገሱት

ቴር ዴርሜስ የሚባለውን የኤርሜስ የወንድ ሽቶ የሞከረ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ "የወንድ ሽቶ ማለት በቃ ይሄ ነው" ይላል፣ ሌላው አፍንጫውን ሸብሸብ አድርጎ "ለዚህ ነው ያ ሁሉ ብር የሚወጣው?" ይላል። እኔ ትንሽዬ ሳምፕል ይዤ ስቀባ ስቀባ ከርሜ የደረስኩበት ነገር ቢኖር ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ብቻ የሚያወሩት ስለተለያየ ሰዓት ነው። ሱቅ ገብቶ ወረቀት ላይ ተረጭቶለት አሽትቶ የወጣ ሰውና ጠዋት አንገቱ ላይ አድርጎ ከሰዓት በኋላ የሸሚዙን ኮሌታ ያሸተተ ሰው ስለ አንድ ሽቶ እያወሩ አይመስለኝም። እና ሙሉ ጠርሙስ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ እኔ ያየሁትን ላካፍላችሁ፣ ረዘም ይላል ግን ዋጋውም ረዘም ያለ ስለሆነ ይመጣጠናል።

መጀመሪያ ስለቤቱ ትንሽ፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። ኤርሜስ በ1837 ፓሪስ ላይ የፈረስ ዕቃ በመስራት የተጀመረ ቤት ነው፣ አሁን ብዙ ሰው የሚያውቀው በቦርሳውና በሐር ስካርፉ ነው። ወደ ሽቶ የገቡት በጣም ዘግይተው ነው፣ ኦ ዴርሜስ የሚባለው በ1951 ወጣ፣ እሱን የሰራው ኤድሞን ሩድኒትስካ ነበር፣ ይሄ ሰውዬ በኋላ በ1966 ለዲዮር ኦ ሶቫዥን የሰራው ነው፣ አባቶቻችን ዘመን ፈረንሳይ ሀገር ተምሮ የመጣ ሰው ካለ ጠይቁት ያውቀዋል። ቴር ዴርሜስ የመጣው በ2006 ሲሆን የሰራው ዣን ክሎድ ኤሌና ነው፣ የግራስ ልጅ፣ ግራስ ማለት ደቡብ ፈረንሳይ ያለችው የሽቶ ከተማ ናት። ኤሌና ከ2004 ጀምሮ የኤርሜስ የቤቱ ሽቶ ቀማሚ ነበር፣ በ2016 ቦታውን ክርስቲን ናዤል ተረከበችው። የሰውዬው መለያ ነገር ማሳነስ ነው፣ ሌላው መቶ ነገር የሚከምርበት ቦታ ላይ እሱ ጥቂት ነገር ይዞ ይወጣል፣ ያለውን ቅመም ሁሉ ወጡ ውስጥ የማይገለብጥ ባለሙያ በሉት። ይሄ ጸባዩ ሽቶው ላይ በደንብ ይታያል፣ ለዛም ነው መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ሰው "ባዶ" የሚለው።

አሁን ወደ ሳምፕሉ። አዲስ አበባ ውስጥ አሁን ጥሩ የሆነው ነገር ሙሉ ጠርሙስ ሳትገዛ ቀድተው የሚሸጡ ልጆች መኖራቸው ነው፣ አምስት ሚሊ አስር ሚሊ እያሉ በቴሌግራም ይሸጣሉ፣ በሞተር ይልኩልሃል፣ እና ብር ከ2016 ሐምሌ ወዲህ (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው) በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ሽቶ ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ ቀድቶ መሸጥ ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ ያለው አማራጭ እሱ ሆኗል። ግን ሳምፕል ስትገዙ ሁለት ሦስት ነገር አስተውሉ። አንደኛ ጠርሙሷ የመስታወት ትሁን፣ ፕላስቲክ ሽቶን ከጊዜ ጋር ያበላሸዋል። ሁለተኛ እስከ አፏ ትሞላ፣ ግማሽ ባዶ ሆና ወራት የተቀመጠች ሳምፕል ውስጥ ያለው አየር መጀመሪያ የሚበላው ብርቱካንና ሎሚውን ነው፣ እንደዚህ ዓይነት ሽቶ ላይ ደግሞ እሱ ከሄደ የምትሞክሩት ሽቶ ሌላ ነው። ከቻላችሁ ከዋናው ጠርሙስ ፊታችሁ ሲቀዳ እዩ። ቤት ስታስቀምጡም መስኮት ላይ ወይ ሻወር ቤት ሳይሆን ቁምሳጥን ውስጥ፣ ብርሃንና ሙቀት አይስማማውም።

ሱቅ ውስጥ ያለ ቴስተርን በተመለከተ እኔ እምነት የለኝም። አንድ ሱቅ ገብቼ ቴስተሩን ስረጨው የሸተተኝ የብርቱካን ከረሜላና አልኮል ነው፣ ልጁን "ወንድሜ ይሄ እሱ አይደለም እኮ" ስለው "ኦሪጅናል ነው ብሮ፣ ዱባይ ነው የመጣው" አለኝ፣ ዱባይ መምጣቱ ኦሪጅናል የሚያደርገው ይመስል። አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ጠፋ፣ ከስር ምንም የለም፣ ባዶ ወረቀት። ፌኩን መለየት የምትችሉበት አንዱ መንገድ ይሄ ነው፣ ከላይ ያለችውን ብርቱካን መኮረጅ ቀላል ነው፣ ከስር ያለውን እንጨትና ስር ግን ለመኮረጅ ወጪ ይጠይቃል፣ ስለዚህ አይደክሙበትም። ሙሉ ጠርሙስ ከሆነ ደግሞ ካርቶኑ ላይና ጠርሙሱ ላይ ያለው የምርት ኮድ አንድ መሆኑን እዩ፣ ካልተመሳሰለ ይዞት ይሂድ።

እሺ፣ ሽቶው። ቆዳ ላይ ስትረጩት መጀመሪያ የሚመጣው ብርቱካንና ግሬፕፍሩት ነው፣ ግን ጁስ አትጠብቁ። ብርቱካን ስትልጡ ልጣጩ ሲታጠፍ ዓይን ውስጥ የሚረጨው ያ የሚያቃጥል ዘይት የለ? እሱ ነው፣ ከነጩ የውስጥ ልጣጭ ምሬት ጋር። ስኳር የለውም። ከዛ ወዲያው ቁንዶ በርበሬ ይገባል፣ አፍንጫ ቆንጠጥ የሚያደርግ ደረቅ ነገር፣ እና ከሱ ስር አንድ እንግዳ ነገር አለ፣ ፈረንጆቹ ሁሉ ፍሊንት የሚሉት እኛ ባልጩት የምንለው፣ ልጅ ሆናችሁ ሁለት ባልጩት አጋጭታችሁ ብልጭ ሲል ካሸተታችሁ ታውቁታላችሁ፣ የተቃጠለ ያልተቃጠለ፣ ጭስ የሌለው ጭስ። ድንጋይ በራሱ ተጨምቆ ዘይት አይወጣውም፣ ቀማሚው በሌላ ነገር ያመጣው ስሜት ነው፣ ግን አፍንጫ ላይ በትክክል ድንጋይ ነው። የብዙ ሰው ጸብ እዚህ ጋ ነው። ብርቱካንና አቧራ አንድ ላይ የማይዋጥለት ሰው አለ፣ አልፈርድበትም፣ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ሸካራ ነው፣ እንደውም ወረቀት ላይ ሲሆን ይብሳል፣ ወረቀት ሙቀት ስለሌለው ሹል ሹሉን ብቻ ይዞ ይቀራል። በወረቀት አትወስኑ።

ከሃያ ደቂቃ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው ነገሩ መዞር የሚጀምረው። ሎሚ ብርቱካን ምናምን ሁሉ ቶሎ በራሪ ነው፣ ለዛ ነው የድሮ ኮሎኝ፣ ፀጉር ቤት ተላጭታችሁ ማጅራታችሁ ላይ የሚረጩባችሁ ያ የሚያቃጥለው፣ ታክሲ ሳትይዙ የሚጠፋው። እንጨት ደግሞ ከባድ ነው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። የሎሚና የእንጨት ሽቶ የሚባለው ዓይነት ሁሉ ችግሩ ይሄ ነው፣ ሎሚው ይሄድና እንጨቱ ብቻውን ይቀራል፣ ሁለት ሽቶ የገዛህ ይመስልሃል። ቴር ዴርሜስ ላይ ግን ብርቱካኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ ፍሬው ይሄዳል ምሬቱ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል፣ ከምሳ በኋላ እንኳ አንጓዬን ሳሸት ያ ምሬት በሩቁ አለ። እኔ ሽቶውን ያከበርኩት እዚህ ጋ ነው፣ እንዴት እንዳደረገው ባላውቅም (ማለት ቀማሚ አይደለሁም) ብዙ ሽቶ ሞክሬ እንደዚህ የሚያደርግ ጥቂት ነው ያየሁት።

ከስር ያለው ዋና ነገር ቬቲቨር ነው። ኢሉባቦር አካባቢ የሄደ ሰው ሳሩን በዓይኑ አይቶታል፣ እርከን ላይ በረድፍ የሚተከለው ረጅም ሳር፣ አፈር እንዳይሸረሸር የሚይዘው እሱ ነው፣ ስሩ በሜትሮች የሚቆጠር ወደታች ነው የሚሄደው። ሽቶ የሚወጣው ከዛ ስር ነው፣ ከቅጠሉ አይደለም፣ ስሩ ተቆፍሮ ታጥቦ ደርቆ ይጣራል፣ ለሽቶ ቤቶቹ በብዛት የምታቀርበው ሄይቲ ናት። እኛ ጋ አፈር ለመያዝ የተተከለ ነገር እነሱ ጋ የሻንጣ ዋጋ የሚያወጣ ጠርሙስ ውስጥ ነው ያለው፣ ይሄን ሳስብ ትንሽ ያስቀኛል። ሽታውን ለመግለጽ፣ ሳር ከነስሩ ነቅላችሁ አፈሩን አራግፋችሁ ስሩን ብታሸቱ የሚመጣው ዓይነት፣ እርጥብም ደረቅም፣ ትንሽ መረር ያለ። አንዳንድ ቬቲቨር ሽቶዎች አሉ፣ በተመሳሳይ ዓመት በ2006 የወጣው የላሊክ አንክር ኗር ለምሳሌ፣ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ጫካ ነው፣ ርካሽም ነው ደግሞ፣ ግን ቢሮ ተቀብተኸው ስትገባ ሰው "ምነው ደህና አይደለህም?" የሚልህ ይመስለኛል። የኤሌና ቬቲቨር ፀሐይ የነካው ነው።

ከሱ ጋር ሴዳር አለ፣ ማለትም የእርሳስ ቅራፊ። ይሄን ስል ምሳሌ መስጠቴ አይደለም፣ ድሮ እርሳስ ይሰራበት የነበረው እንጨት እሱ ስለሆነ ነው፣ ሽቶ ሰሪዎች የቨርጂኒያ ሴዳር የሚሉት ዛፍ ደግሞ በዘሩ ጥድ ነው፣ የኛ የሀበሻ ጥድ የቅርብ ዘመዱ ነው፣ የኛውን ራሱ ፈረንጆች የአፍሪካ የእርሳስ ሴዳር ይሉታል። ስለዚህ ያደገው ደጀ ሰላም አጠገብ ያለ ጥድ ስር የሆነ ሰው አፍንጫው ይሄን ሽቶ ቶሎ ይለምደዋል ብዬ አምናለሁ። መጨረሻ ላይ ትንሽ ቤንዞይን አለ፣ ሙጫ ነው፣ ከእስያ ዛፎች የሚወጣ፣ ከዕጣን ለስለስ ያለና ትንሽ ጣፈጥ የሚል፣ ግን በጣም ትንሽ ነው፣ ቫኒላ ምናምን የምትወዱ ሰዎች በዚህ አትደሰቱም።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳ ምክንያቱም ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ነው "አይቆይም" እያለ የሚያማው። ሽቶው ውስጥ አይሶ ኢ ሱፐር የሚባል ላብራቶሪ ውስጥ የተሰራ ነገር በብዛት አለ፣ አይኤፍኤፍ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1970ዎቹ ያወጣው ነው፣ የእንጨት ሽታ ያለው፣ ልስልስ፣ አየር የሆነ ነገር። ጸባዩ ግን ተንኮለኛ ነው፣ የተቀባው ሰው አፍንጫ ቶሎ ይለምደውና ይጠፋበታል፣ አጠገቡ ያለው ሰው ግን በደንብ ይሸተዋል፣ ከዛ ድንገት ደግሞ ለራሱም ብቅ ይልና እንደገና ይጠፋል። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ አምስት ሰዓት ገደማ ነው፣ አንጓዬን አሸትታለሁ ምንም የለም፣ "አለቀ ይሄ ነገር፣ ልድገመው" እያልኩ ሳለ ቡና የምታፈላልን ልጅ ስኒዎቹን ይዛ ገባችና በሩ ላይ ቆም አለች፣

"ማነው ብርቱካን የላጠው? ብቻችሁን በላችሁ አይደል?"

"ማንም አልላጠም" አላት አጠገቤ ያለው።

"ኧረ ይሸታል! ብርቱካን... አይ፣ ብርቱካን ብቻ አይደለም፣ እንደ እንጨት ቤት ምናምን" ብላ ዞር ዞር አለችና እኔ ጋ ስትደርስ "አንተ ነህ!" አለች። ሦስት ሜትር አካባቢ ርቀት ላይ ነበረች በሩ ጋ። እና ደጋግማችሁ አትርጩ፣ ለናንተ ስለጠፋ ለሰው የጠፋ እንዳይመስላችሁ፣ ሁለት ሦስት ስፕሬይ ይበቃል፣ ከዛ በላይ በሚኒባስ ውስጥ ለጎረቤታችሁ ቅጣት ነው። መቆየቱን እኔ ላይ ጠዋት ተቀብቼ እስከ ዘጠኝና አስር ሰዓት ቆዳዬ ላይ አለ፣ ሸሚዝ ላይ ከሆነ ማታም ይገኛል፣ ለኦ ደ ቶያሌት (ከፓርፋም ቀጠን ያለው የሽቶ ዓይነት) ይሄ ጥሩ ነው።

ግን ዑድ (የአረቦቹን ከባድ የእንጨት ሽቶ) የለመደ አፍንጫ ላይ ታሪኩ ሌላ ነው። ዱባይ ብዙ ዓመት የሰራች አክስት አለችኝ፣ እሷ ቤት ሲገባ ገና ደረጃው ላይ ቡኹሩ ነው የሚቀበልህ፣ ልብስ ራሱ በጭስ ነው የሚቀመጠው። ስስማት አሸተተችኝና "ውይ የኔ ልጅ፣ ይሄማ ገና ሳይጀምር አለቀ፣ ና ደህና ነገር ልቀባህ" አለችኝ። ከሷ አንጻር ልክ ናት፣ ዑድ ሽቶ በር ከፍቶ የሚገባ ነው፣ ከሰውዬው በፊት ይገባል ከሰውዬው በኋላ ይወጣል፣ ይሄኛው ደግሞ ሰው ሲጠጋህ ነው የሚያዋራው። ምሳ በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ልወጣ ስል ስታቅፈኝ ግን "ቆይ፣ አሁን ምን ጨመርክበት?" አለች። ምንም አልጨመርኩም፣ ቬቲቨሩ ደርሶ ነው። (ልቀባህ ያለችው ዑድ ግን አልቀረልኝም፣ ተቀብቼ ወጣሁ፣ እምቢ ማለት አይቻልም።)

በዚህ አጋጣሚ፣ ስለ ጠንካራ ሽታ ካወራን፣ እኛም በሽቶ ዓለም ውስጥ ስም ያለን በዝባድ ነው፣ ከጅማና ከከፋ አካባቢ ጥሪኝ እየተያዘ ዝባዱ ተወስዶ በቀንድ ታሽጎ ለዘመናት ወደ ውጭ ሲላክ ኖሯል፣ የፈረንሳይ ሽቶ ቤቶች ዋና ምንጫቸው እኛ ነበርን። አሁን በአብዛኛው በላብራቶሪ በተሰራ ተተክቷል፣ ለጥሪኟም ጥሩ ነው። ቴር ዴርሜስ ላይ እንደዚህ ዓይነት የእንስሳ ሽታ ጭራሽ አታገኙም፣ ሙሉ በሙሉ ተክልና ድንጋይ ነው የሚመስለው፣ ማስክ የሚባለው የእንስሳ ዓይነት ሽታ ራሱ የለውም ማለት ይቻላል በአፍንጫ ሲፈረድ፣ ለዛ ነው ንጹህ የሚመስለው ሳሙና ሳይሸት።

የአየሩን ነገር ካነሳን አዲስ አበባ ለዚህ ሽቶ የተሰራች ትመስለኛለች፣ ቆላ ብሆን ምናልባት እንደዚህ አልልም። ጠዋት ብርድ ነው፣ ብርዱ ብርቱካኑን ይይዘዋል ቶሎ አይበርም፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ትወጣና ቆዳ ሲሞቅ እንጨቱ ይከፈታል፣ ማታ ደግሞ ብርድ ሲመለስ ጃኬት ውስጥ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ክረምት ላይ፣ ዝናብ በዘነበ ቀን፣ እርጥብ አፈር በየቦታው እየሸተተ ይሄንን ሽቶ መቀባት ሌላ ደስታ ነው፣ የቱ ከሽቶው የቱ ከመንገዱ እንደመጣ አይለይም። አዳማ ወይ ድሬ ሄዳችሁ በዛ ሙቀት ከሆነ ግን በርበሬው ይጮሃል፣ አንድ ስፕሬይ ይበቃል፣ ወይ ቀለል ያለውን ዓይነት ፈልጉ።

ዓይነቶቹን ካነሳሁ አይቀር፣ ስሙን እያያችሁ ግዙ፣ ጠርሙሶቹ ይመሳሰላሉ፣ ሻጭም ሁሌ አይለይም። እስካሁን ያወራሁት የ2006ቱ ኦ ደ ቶያሌት ነው። በ2009 የወጣው ፓርፋም የተባለው ደግሞ ወፈር፣ ጠቆር ያለ ነው፣ በርበሬው ይቀንሳል፣ እንደ ዛፍ ሽበት ያለ እርጥብ ነገር ይጨመርበታል፣ መጀመሪያ ላይ ያለው ሹልነት ያስቸገረው ሰው እሱን ቢሞክር ይሻለዋል። ርቀት ግን አይሄድም፣ ቆዳ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ብዙ ሰው ፓርፋም ሲባል የበለጠ የሚጮህ ይመስለዋል። በ2014 ኦ ትሬ ፍሬሽ የሚባል ቀላል ወጣ፣ በ2018 ክርስቲን ናዤል ኦ አንታንስ ቬቲቨርን አመጣች፣ ይሄኛውንም በሳምፕል ሞክሬዋለሁ፣ ብርቱካኑን ቀንሳ በርጋሞትና አረንጓዴ ቅጠል አስገብታ ቬቲቨሩን ከፍ አድርጋዋለች፣ ዘመናዊ ነው፣ ወጣት ነው፣ ሻወር የወሰደ ነው፣ ግን ባልጩቱ የለም፣ ባልጩቱ ከሌለ ለኔ ሌላ ብዙ ሽቶ መግዛት ይቻላል። በ2022 የወጣው ኦ ዢቭሬን አልሞከርኩትም።

የማይመቸኝን ልናገር ደግሞ፣ ፍቅር ብቻ እንዳይመስል። አንደኛ ዋጋው፣ መቶ ሚሊው ውጭ ሀገር ራሱ ከመቶ ዶላር በላይ ነው፣ እዚህ ሲደርስ ነጋዴው በፈለገው ይጠራዋል። ሁለተኛ ለጭፈራ ቤትና ለሰርግ ምሽት የሚሆን አይደለም፣ እዛ ሁሉም ሰው ጣፋጭ ጣፋጩን ተቀብቶ በሚመጣበት ቦታ ይሄ ሽቶ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚቆመው፣ ማንም አያስተውለውም። ሦስተኛ ዕድሜ ይጨምራል። ይሄን ስል ቀልድ አይደለም፣ የሃያ ዓመት ታናሽ ወንድሜ አንዴ ተቀብቶት ሲመጣ ኪራይ ሊሰበስብ የመጣ ሰውዬ ነው የመሰለኝ፣ እሱም ራሱ "የማን አባት ነው የምሸተው?" አለ። ከሰላሳ በላይ ለሆነ፣ ሸሚዝ ለሚለብስ፣ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ለሚሰራ፣ ጠበቃ፣ ሐኪም፣ አስተማሪ፣ ባንክ ቤት፣ ለነዚህ በጣም ይሄዳል። ሴቶችም ቢቀቡት እኔ ምንም አልልም፣ እንደውም ባለቤቴ ከኔ ሳምፕል እየሰረቀች ስትቀባው እሷ ላይ ብርቱካኑ ከኔ ረዝሞ ነው የሚቆየው፣ ቆዳ ይለያያል መቼም፣ ሳምፕሉም በከፊል እንዲህ ነው ያለቀው።

ከቀድሞዎቹ ጋር አነጻጽርልን ካላችሁ፣ ኦ ሶቫዥ ሎሚ ነው፣ ፀዳ ያለ፣ ከስሩ የጃዝሚን ዓይነት አየር ያለበት፣ ያምራል ግን ቶሎ ይሄዳል። የጌርላን ቤቱ ቬቲቨር የሚባለው ሽቶ ከ1959 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሎሚ፣ ቬቲቨርና ትምባሆ፣ በገንዘብ ከሆነ ከቴር ዴርሜስ ቀለል ይላል፣ ብልህ ሰው ሁለቱንም በሳምፕል ጎን ለጎን አንዱን ግራ እጁ አንዱን ቀኝ እጁ ላይ አድርጎ ቀኑን ይውላል። እኔ አድርጌዋለሁ፣ ጌርላኑ የበለጠ ጨዋ ነው፣ ሳቅ ሳቅ ይላል፣ ቴር ዴርሜስ ቁጥብ ነው ግን ሰዓት በገፋ ቁጥር የማስበው እሱን ነው። ብሉ ደ ሻኔል የሚባለውን አታምጡብኝ፣ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ሁሉም ሰው ላይ ስላለ ነው።

ስለ ጠርሙሱ ሁለት ቃል፣ ሙሉውን ጓደኛዬ ቤት ነው ያየሁት፣ ወፍራም አራት ማዕዘን መስታወት፣ ታችኛው ላይ ብርቱካናማ ቀለም ከነ ኤች ፊደሉ፣ እጅ ላይ ይከብዳል፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይኮራል። ጥሩ ነው፣ ግን በጠርሙስ አልከፍልም።

የኔ ሳምፕል አሁን ታችኛው ላይ ትንሽ ነው የቀረው። ልገዛ ነው፣ ሃምሳ ሚሊውን፣ መቶውንና ሁለት መቶውን አይደለም፣ በቀን ሁለት ስፕሬይ ለሚረጭ ሰው ሃምሳው ብዙ ወር ይቆያል፣ ትልቁን ገዝቶ ለዓመታት ሲከፍት ሲዘጋ ብርቱካኑን ለአየር ማብላት ለኔ ትርጉም የለውም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከአየር ማረፊያው ዲውቲ ፍሪ ከነደረሰኙ እንዲያመጣ ንገሩት፣ እሱ ካልተገኘ ደግሞ ለጊዜው ሌላ አስር ሚሊ አስቀዳለሁ፣ እስከ አፏ ሞልቶ፣ ዓይኔ እያየ።